ፖሊስ ለመሆን የሚበቃው ማን ነው? ዕድሜና ብስለት በአርሲ ደጋ ታሪክ

ዘመናዊ ፖሊስ በኢትዮጵያ ከመቋቋሙ በፊት ሌባን ለማግኘት ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ሌባሻይ ይባል ነበር። ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው አቤቱታውን ለሹሙ ሲያቀርብ የሌባሻዩ ሹም አንድ ልጅ አስከትሎ ይመጣል። ለልጁ ከዕፅ የተቀመመ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወገቡ ታስሮ፣ የማሰሪያውን ጫፍ ሰው ይዞለት፣ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይዞራል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል፤ ዕዳውንም እንዲከፍል ይገደዳል። ይህ አሠራር ብዙ ንጹሓን ሰዎችን ስለ ጎዳ ኋላ በመንግሥት ተከልክሏል።

ነገሩ ዛሬ ሲታይ አስገራሚ ቢሆንም በውስጡ አንድ ትኩረት የሚሻ ሐሳብ አለ። ለሌባሻይነት የሚመረጠው ልጅ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ መሆን ነበረበት። ምክንያቱም ሕፃን ቂም የለውም፤ ጉቦ አይቀበልም፤ የጎረቤትን መሬት አይመኝም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው። ስለዚህ ወንጀለኛን የመለየት ሥልጣን የተሰጠው ለበሰለ ሰው ሳይሆን ገና ላልበሰለ ነበር። በዚያው ዘመን በገጠር ይሠራበት የነበረው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ ነበር፤ የአካባቢው ወንዶች በአንድ ሜዳ ተሰብስበው፣ በሽማግሎች መሪነት፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደየቤታቸው እንዳይመለሱ ይደረግ ነበር። በአፈርሳታው ሚዛን የሚደፋው ዕድሜ፣ ልምድና የአካባቢ ዕውቀት ነው። እነዚህ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን መኖራቸው፣ ሕግን የሚያስከብር ሰው ምን ዓይነት ሰው መሆን አለበት ለሚለው ጥያቄ አንድ የጸና መልስ እንዳልነበረ ያሳያል።

ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። በተለይ በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ ከተማ አንሥቶ እስከ በቆጂና ከዚያም ወዲያ ባለው አገር፣ የፖሊስ ልብስ የብዙ ተማሪዎች ተስፋ ሆኖ ስለ ቆየ፣ ጉዳዩ ከመምህራንና ከትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሥራ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ያለባቸው ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጋዳና የዕድሜ ትርጉም

የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብ ዕድሜን በዓመት ብቻ አይቆጥርም ነበር። እንደሌሎቹ የኦሮሞ ሕዝብ ክፍሎች ሁሉ የአርሲም ኅብረተሰብ በጋዳ ሥርዓት ይተዳደር ስለ ነበር፣ ሰው በሕይወቱ የሚያልፍባቸው እርከኖች በስምንት በስምንት ዓመት የተከፈሉ ነበሩ። የእርከኖቹ ስያሜና ዝርዝር ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። ሕፃኑ ከዳባሌ ወደ ጋሜ፣ ከዚያም ወደ ፎሌ፣ ወደ ራባ፣ በመጨረሻም ሥልጣን ወደሚያዝበት ወደ ጋዳ ወይም ሉባ እርከን ይደርሳል። የወጣትነቱ እርከኖች ከብት የሚጠበቅባቸው፣ አደን የሚወጣባቸው፣ የጦር ግዴታ የሚፈጸምባቸው ናቸው። ሕግ የሚወጣውና ፍርድ የሚሰጠው ግን በመጨረሻዎቹ እርከኖች ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ ወጣቱ ጋሻና ጦር ይይዛል፣ ጎልማሳው ይፈርዳል። ነገር ግን ነገሩ ከዚህ የረቀቀ ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ስለ ቦረና ጋዳ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው ጥናታቸው እንዳስረዱት፣ ሰው ወደ ጋዳ እርከን የሚገባው በተወለደበት ዓመት ሳይሆን አባቱ ባለበት ደረጃ ነው። በአባትና በልጅ መካከል አምስት የጋዳ ዘመን፣ ማለትም አርባ ዓመት ይኖራል። እንግዲህ አባቱ ዘግይቶ የወለደው ልጅ ገና በጉርምስናው ከፍ ባለ እርከን ላይ ሊገኝ ይችላል፤ በተቃራኒውም ሽበት ያወጣ ሰው በዝቅተኛ እርከን ሊቆይ ይችላል። ሥርዓቱ ብስለትን ከዓመት ቁጥር ጋር አንድ አላደረገውም። አንድ ሰው ለአንድ ኃላፊነት በቃ የሚባለው ከእኩዮቹ ጋር የሚጠበቅበትን ግዴታ ስምንት ዓመት ሙሉ ፈጽሞ፣ በሕዝብ ፊት ሥነ ሥርዓቱን አድርሶ ሲሻገር ነው። ሥልጣን ከመያዙ በፊት ረጅም የትምህርት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ ይህን ለመምህራን ማብራራት አያሻም።

ከወንዶቹ ጋዳ ጎን ለጎን የሴቶች ሲንቄም ነበረ፤ ዛሬም በአርሲ ይታያል። ያገባች ሴት በሠርጓ ቀን የምትቀበለው ይህ በትር የክብሯ ምልክት ነው፤ አንዲት ሴት በደል ሲደርስባት ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም ካሣ ከፍሎ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ነገሩ አይበርድም። በነፍስ ግድያ ጊዜ ደግሞ የሟችና የገዳይ ወገኖች በጉማ ሥርዓት፣ በሽማግሎች አማካይነት ይታረቃሉ። በደጋው አገር ጸጥታን ሲያስጠብቅ የኖረው ይህ ሁሉ ነው። ኋላ የመጣው ፖሊስ የተተከለው በባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም።

በ1870ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት አርሲን ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ሲይዝ የጋዳ የፖለቲካ ሥልጣን ተሰበረ። በቦታውም መልከኛው፣ ባላባቱና ጭቃ ሹሙ ተተኩ። ከጊዜ በኋላም ወንጀለኛ የሚያሳድደውና እስረኛ የሚያጅበው ነጭ ለባሹ ሆነ። ነጭ ለባሽ ደመወዝተኛ አልነበረም፤ ስሙም የተገኘው የደንብ ልብስ ስላልነበረውና የዘወትር ልብሱን ለብሶ ስለሚሠራ ነው። ለዚህ ሥራ ብቃቱ ጠመንጃ፣ ቤትና የሹሙ እምነት ነበር። ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

የ1934ቱ ዐዋጅ

ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ የሚባል የከተማ ጥበቃ ነበር፤ ጠቅላይ ግዛቶቹ ግን ይህን የመሰለ ድርጅት አልነበራቸውም። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ ዐዋጅ ቁጥር 6 መሠረት፣ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚተዳደር፣ በመላው አገር የሚሠራ የፖሊስ ሠራዊት ተቋቋመ። በጅምሩ የእንግሊዝ መኮንኖች በማደራጀትና በማሠልጠን ረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፍቶ የኢትዮጵያን የፖሊስ መኮንኖች ማሠልጠን ጀመረ። ሠራዊቱ እየሰፋ ሄዶ በ1966 ዓ.ም. ገደማ ፈጥኖ ደራሹንና የጠረፍ ጠባቂውን ጨምሮ ወደ 28,000 ሰው ደርሶ ነበር።

የአባዲና መከፈት በብስለት ትርጉም ላይ ትልቅ ለውጥ አመጣ። እስከዚያ ድረስ ሰውን ለሹመት የሚያበቃው ዕድሜው፣ ወገኑ፣ በጦር ሜዳ ያሳየው ጀግንነት ነበር። ከአባዲና የሚወጣው ወጣት መኮንን ግን ለማዕረግ የበቃው በትምህርት ቤት ወንበር ላይ በተቀመጠባቸው ዓመታት ነው። እርሱ የሚያዘው ሃምሳ አለቃ ምናልባት በአባቱ ዕድሜ የሚገኝ፣ በአርበኝነት ዘመን በዱር ያደረ፣ ፊርማውን በጣት አሻራ የሚያኖር ሰው ሊሆን ይችል ነበር። የትምህርት ብስለትና የኑሮ ብስለት በአንድ ጣቢያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ። ይህ ችግር በመምህራንም ዘንድ የታወቀ ነው፤ በዚያው ዘመን ከማሠልጠኛ የወጣ ወጣት አስተማሪ ከእርሱ የሚበልጡ ተማሪዎችን ሲያስተምር መገኘቱ ብርቅ አልነበረም።

ተራው ፖሊስ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። ተመልማዩ ቆሞ ቁመቱ ይለካል፤ ጤንነቱን ሐኪም ያያል፤ ማንበብና መጻፍ መቻሉ ይፈተናል። እነዚህ ሁሉ ሊረጋገጡ የሚችሉ ናቸው። ዕድሜው ግን ሊረጋገጥ አይችልም ነበር።

ዐሥራ ስምንት ዓመት በሕግና በመዝገብ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለውን ወጣት ጥፋተኛ በተለየ ሁኔታ ይመለከታል፤ ከዐሥራ አምስት በላይ ያለውን ደግሞ እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም በዐዋቂነት ይጠይቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። ይኸው ሕግ ግን ለጋብቻ ወንዱን ዐሥራ ስምንት፣ ሴቷን ዐሥራ አምስት ዓመት ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ልዩነት የቀረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። እንግዲህ በአንድ ዘመን አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለማግባት የደረሰች፣ በወንጀል ለመጠየቅ የደረሰች፣ ንብረቷን ለመሸጥ ግን ያልደረሰች ነበረች።

ከሁሉ የሚገርመው ግን እነዚህን ቁጥሮች የሚያረጋግጥ መዝገብ አለመኖሩ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ሳለ፣ ሥራ ላይ መዋሉ ወደ ፊት በሚወጣ ትእዛዝ እንዲወሰን ተላለፈ፤ ትእዛዙም ሳይወጣ ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ። ሕጉ ዐሥራ ስምንት ይላል፤ ዐሥራ ስምንት መሆኑን የሚያውቅ ሹም የለም።

ታዲያ በአርሲ ደጋ የልጅ ዕድሜ እንዴት ይታወቅ ነበር? በታላላቅ ነገሮች ነው፦ ጣሊያን በገባ ጊዜ፣ ከብት ባለቀ ዓመት፣ እገሌ ባላባት በሞተ ክረምት። ክርስቲያኑ የክርስትና ቀኑን እናቱ ታስታውስለት ይሆናል፤ በአርሲ የሚበዛው ሙስሊሙ ሕዝብ ግን ይህም ማስረጃ አልነበረውም። የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲካሄድ ይህ ልማድ በአኃዝ ታየ፤ በኢትዮጵያ ቆጠራዎች ሁሉ እንደሚታየው፣ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ የተመዘገበው ሰው ከጎኑ ካሉት ዓመታት እጅግ ይበልጣል። ሕዝቡ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ይላል እንጂ ሃያ ሦስት አይልም። ይህ ውሸት አይደለም። ዓመት መቁጠር የማያስፈልገው ኑሮ የሰጠው መልስ ነው።

በዚህ መካከል ነው የትምህርት ቤት መዝገብ ሳይታሰብ ትልቅ ሰነድ የሆነው። አባት ልጁን ይዞ ለምዝገባ ሲመጣ፣ መምህሩ የልጁን ቁመት አይቶ፣ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን እንዲነካ አድርጎ፣ ሰባት ዓመት ብሎ ይጽፋል። እጁ ጆሮው ካልደረሰ ለከርሞ ተመለስ ይባላል። በዚያን ዕለት የተጻፈው ቁጥር ልጁን አይለቀውም፤ በካርዱ፣ በፈተና ማስረጃው፣ በመጨረሻም በቅጥር ማመልከቻው ላይ ይገኛል። ፖሊስ ሊሆን ለሄደ ወጣት ዕድሜውን የሚመሰክርለት ከብዙ ዓመት በፊት አንድ መምህር በእርሳስ የጻፈው ግምት ነው። የአስተማሪነት ሥራ ከሚያስከትላቸው ኃላፊነቶች መካከል ይህን ያህል ሳይታወቅ የተሸከሙት ያለ አይመስልም።

የጦር መሣሪያ በወጣት እጅ

አሰላ በዚያ ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአሕጽሮት ካዱ፣ መሥሪያ ቤቱን በዚያው አደረገ። ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ገባ፤ ምርቱ አደገ። የመሬቱ ዋጋ ሲጨምርም ባለርስቶች ጭሰኛውን አስነሥተው በትራክተር ማረስ ጀመሩ። በአርሲ ደጋ የጭሰኞች መፈናቀል የዘመኑ ትልቅ ጉዳይ ሆነ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ፖሊስ ነውና፣ ትእዛዝ የያዘ ወጣት ኮንስታብል አያቱ የቀበረበትን መሬት አልለቅም በሚል ሽማግሌ ፊት ሲቆም ምን ዓይነት ብስለት ይጠይቀው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሕጉን ማወቅ አይበቃውም፤ ቋንቋውን ማወቅ፣ የሽማግሌውን ቁጣ መታገሥ፣ መሣሪያውን በትከሻው ላይ ማቆየት ያስፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ፖሊሱ ከሌላ አገር የመጣና ኦሮምኛ የማይናገር ነበር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ ፍጹም ተለወጠ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ ቁጥራቸው 60,000 ያህል ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። በ1968 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ የገበሬ ማኅበራት የራሳቸው ፍርድ ሸንጎና የመከላከያ ጓድ እንዲኖራቸው አደረገ። ከተሞች የቀበሌ አብዮት ጥበቃ አቋቋሙ። የጸጥታ ሥራ ከመደበኛው ፖሊስ እጅ ወጥቶ፣ ሥልጠናው የጥቂት ቀን በሆነ፣ ብዙውም ወጣት በሆነ ታጣቂ እጅ ገባ።

ቀጥሎ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የደረሰው ይታወቃል። የሚገድለውም የሚሞተውም ወጣት ነበር። ትናንት በአንድ ክፍል የተማሩ ልጆች አንዱ ጠባቂ፣ ሌላው እስረኛ ሆኑ። በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ ለዚያ ጥፋት ተጠያቂዎቹ መሣሪያውን ያደሉና ትእዛዙን የሰጡ ዐዋቂዎች ናቸው። ወጣትነትን ብቻ መክሰስ ታሪኩን ማቃለል ይሆናል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ያለ ጥያቄ እንዲፈጸም ገና ያልበሰለ ሰው መመረጡ በአጋጣሚ አልነበረም። ሌባሻዩን ልጅ ለሥራው ያበቃው አለማወቁ እንደ ነበረ ሁሉ፣ አንዳንዱን የቀበሌ ጠባቂም ለሥራው ያበቃው ያው አለማወቁ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ሲወጣ ግዴታውን ከ18 እስከ 30 ዓመት ባሉት ወንዶች ላይ ጣለ። በወረቀት የተጻፈው ይህ ነው። በአፈሳ ጊዜ ግን ዕድሜ የሚወሰነው በልጁ ቁመት ነበር፤ ከገበያና ከመንገድ የተያዙ፣ ዐሥራ ስምንት ያልሞላቸው ልጆች ወደ ማሠልጠኛ ተወስደዋል። መዝገብ በሌለበት አገር ሕጉ ያስቀመጠው የዕድሜ ወሰን ልጁን ሊጠብቀው አልቻለም።

በቆጂ

ከአሰላ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ በቆጂ ትገኛለች። ወደ ፖሊስ ሠራዊት የሚያስገባ ሌላ ጎዳና የተከፈተው ከዚህች ከተማ ነው፤ እርሱም ሩጫ ነው።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1972 በበቆጂ አካባቢ ተወለደች። በልጅነቷ በፈረስ ግልቢያ የታወቀች ነበረች፤ በትምህርት ቤት የ400 ሜትር ሩጫም ወንዶቹን ቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሲን ወክላ በ1,500 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ በፖሊስ ሠራዊት ተቀጠረች። በዚያው ዓመት በኖርዌይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር 23ኛ ሆነች። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አግኝታ፣ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለወርቅ ስትሆን ዕድሜዋ ሃያ ነበር። በአሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በፖሊስ ውስጥ እስከ ሻለቃነት ማዕረግ ደርሷል።

የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የወህኒ ቤት ክለቦች ሯጮችን መቅጠራቸው የቆየ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ልማዱ ብዙ ጥቅም ሰጥቷል። ለድኻ ገበሬ ልጅ ደመወዝ፣ ማደሪያና አሠልጣኝ የሚሰጥ ሌላ ድርጅት በአገሪቱ አልነበረም። ለሯጯም የፖሊስ ልብሱ መተዳደሪያ ነው፤ ወንጀለኛ እንድትይዝ፣ ጠብ እንድትገላግል የሚጠይቃት የለም። ስለዚህ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ዓይነት ብትቀጠር የሚጎዳ ሰው የለም ሊባል ይችላል።

ይሁን እንጂ የበቆጂ ልጆች የሚያዩት ይህን ልዩነት አይደለም። እነርሱ የሚያዩት በቴሌቪዥን በሻለቃነትና በኮሎኔልነት ማዕረግ የሚጠሩ የሰፈራቸውን ልጆች ነው። ማዕረግ በእግር የሚገኝ ነገር ሆኖ ይታያቸዋል። ደራርቱንና ከእርሷ በኋላ የመጡትን በልጅነታቸው ያሠለጠነው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር፣ ስንታየሁ እሸቱ፣ ስሙ በዓለም ታውቋል፤ በየማለዳው የሚያሠለጥናቸው ልጆች ግን ከእነርሱ ጥቂቶቹ ብቻ ክለብ የሚያገኙ ናቸው። የቀሩት ትምህርታቸውን አቋርጠው ከሆነ የፖሊስነት መንገድም፣ የሌላ ሥራ መንገድም ይጠብባቸዋል። በዚህ ላይ የዕድሜ ነገር እንደ ገና ይነሣል፤ በአትሌቲክስ ዓለም በብዙ አገሮች ለወጣቶች ውድድር ዕድሜን መቀነስ የታወቀ ችግር ሲሆን፣ ለቅጥር የሚሄደው ደግሞ መጨመር ይፈልጋል። አንዱ መዝገብ በሁለት ወገን ይጎተታል፤ መሐል ያለው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ የጸጥታውን ክፍተት ለጊዜው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴዎች ሸፈኑት፤ በአባላቱም መካከል የአገር ሽማግሎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን የሚለውን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተቀበለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ፈቀደ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን በዐዋጅ ቁጥር 207 ተቋቋመ። በአርሲ የሚሠራው ፖሊስ የኦሮሚያ ፖሊስ ሆነ።

የቋንቋው ችግር በዚህ ተቃለለ። ነገር ግን በቦታው ሌላ መጣ። የቀድሞው ፖሊስ እንግዳ ስለ ነበር የሚፈራው ዘመድ አልነበረውም፤ የአሁኑ ወጣት ፖሊስ የሚጠራው ተከሳሽ የአባቱ እኩያ፣ የሚመረምረው የጎሣው ሰው ነው። በአደገበት ባህል ታላቁን ቀና ብሎ አያይም፤ ሥራው ግን ቀና ብሎ እንዲጠይቅ ያዘዋል። ከዚህ የሚያወጣው ቁጣ አይደለም። ጋዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ብዙ ደስታ ሆኗል፤ ቅርሱ ከበዓል ቀን አልፎ ወደ ፖሊስ ማሠልጠኛ ክፍል ቢገባ፣ አንድ ወጣት ጉማ እየታረቀ ባለበት ሸንጎ ወይም ሲንቄ ይዘው በወጡ እናቶች ፊት እንዴት እንደሚቆም ያስተምረው ነበር።

በሌላው ዓለምም ጥያቄው በአንድ መንገድ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1829 የለንደን ፖሊስ ሲቋቋም ወሰን ያደረገው ለእርጅና ነበር፤ ተመልማዩ ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች፣ ጤናማ፣ ቁመተ መልካምና ማንበብ የሚችል እንዲሆን ተጠየቀ። እነዚያ በዕድሜ የደረሱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስካር ምክንያት በብዛት ተባረዋል። ዛሬ በእንግሊዝ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲበቃ፣ የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ሃያ አንድ ዓመትን መነሻ አድርጎ ቆይቷል። የሥነ ልቡናና የአንጎል ጥናቶች ደግሞ ስሜትን የሚገታውና የሥራን ውጤት አስቀድሞ የሚመዝነው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እየጎለመሰ እንደሚሄድ ያስረዳሉ። ከዚህ ተነሥቶ ቅጥሩን ሁሉ ወደ ሃያ አምስት ዓመት ማሻገር የሚቻል አይደለም፤ የገበሬው ልጅ እስከዚያ ድረስ ሳይበላ አይጠብቅም። ሥራውን በደረጃ መስጠት ግን ይቻላል፦ መጀመሪያ ጽሕፈትና ጥበቃ፣ ከልምድ በኋላ ምርመራ፣ ከዚያም የጦር መሣሪያና ትእዛዝ። ጋዳ በስምንት ዓመት እየከፈለ ያደርገው የነበረው ከዚህ ብዙ አይለይም።

የጎደለው ዓመት

ለትምህርት ዕቅድ አውጪ አንድ ቀላል ስሌት አለ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በ10ኛ ክፍል ያልቅ ነበር። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ፣ ክፍልም ያልደገመ ተማሪ 10ኛን የሚጨርሰው በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ወደ መሰናዶ ያላለፈው ጎበዝ ልጅ፣ ትምህርቱን በጊዜው ፈጽሞ፣ አካለ መጠን ለማድረስ አንድ ዓመት ጎድሎት በሩ ላይ ይቀራል። ክፍል የደገመው ግን ዕድሜው ሞልቶ ይገባል። የጎበዙ ቤተሰብ ሌላ ዓመት ከሚጠብቅ ይልቅ በማስረጃው ላይ አንድ ዓመት ማስጨመር ቢቃጣ አይገርምም። ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ሥርዓተ ትምህርቱና ሕጉ ሳይተያዩ የተቀመጡበት ክፍተት ነው። በ12ኛ ክፍል ወደሚጠናቀቀው አደረጃጀት መመለሱ ክፍተቱን ለሚጨርሱት ዘግቶላቸዋል። በመካከሉ ለሚያቋርጡት፣ በተለይም ለሩጫ ብለው ለሚወጡት፣ አሁንም ክፍት ነው።

በእነዚያ ተጨማሪ ሁለት ዓመታት ምን ይማራሉ የሚለው ሌላ ነገር ነው። የዜግነት ትምህርት የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች በቃል ያስጠናል፤ አንድ ተማሪ ግን የተናደደ ሰውን እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ ትክክል ያልመሰለውን ትእዛዝ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዴት እንደሚጽፍ ልምምድ የሚያደርግበት ክፍለ ጊዜ ጥቂት ነው። ለፖሊስነት ከሚያስፈልገው ብስለት ትልቁ ድርሻ ደግሞ እነዚህ ናቸው፤ የአማርኛም ሆነ የኦሮምኛ መምህር ድርሰት ሲያጽፍ ሊያስተምራቸው የሚችላቸው ናቸው።

የልደት መዝገቡ ነገር በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 መልስ አግኝቶ፣ ምዝገባው በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያ ክረምት ተወልደው በቀበሌ የተመዘገቡ የአርሲ ልጆች አሁን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሚሞላቸው በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ፖሊስ መመልመያ ለሚሄዱት ለአብዛኞቹ፣ ዕድሜያቸውን የሚመሰክረው አንደኛ ክፍል ሲገቡ አንድ መምህር በመዝገብ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው።